የአርባ ሦስት ሰው ግቢ፦ ከድሬዳዋ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዴት ወደ እኔ መጣ

ይህን ጉዳይ ወደ እኔ ያመጣው የሞላ ሽንት ቤት ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ካሉት የድሬዳዋ ቆየት ያሉ ሰፈሮች በአንዱ የምትኖር ሴት ደውላ፣ «ጋሼ፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ቶሎ የሚያመጣልን ሰው ያውቃሉ?» አለችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በአካባቢ ጤና ሙያ ስለሠራሁ እንዲህ ያለ ስልክ አያስገርመኝም። ያስገረመኝ ቀጥላ የተናገረችው ነው። ጉድጓዱ ከተመጠጠ ገና አራት ወሩ ነበር። አባቷ በሕይወት ሳሉ ግን ያው ጉድጓድ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው እንደቆየ ታስታውሳለች።

ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ አካባቢ ሲወራ የምንሰማው የሚሊዮን ቁጥር ነው። ሚሊዮንን ግን ማንም በግቢው ውስጥ አያየውም። ይህኛው የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚሸትም ነበር። ስለዚህ መኪናውን ካገኘሁላቸው በኋላም እግሬ ከግቢው አልቀረም፤ አራት ዓመት ያህል ተመላለስኩ። የቤተሰቡም፣ የተከራዮቹም፣ የተመላለስንባቸው መሥሪያ ቤቶችም ስም እዚህ አይጠቀስም። ጉዳዩ እንዲጻፍ የፈቀዱት የቤቱ እናት ናቸው፤ የሰጡኝ ቅድመ ሁኔታም አንድ ብቻ ነው፦ «ቆሻሾች ናቸው እንዳይባል።» ቆሻሾች አልነበሩም። እንዲያውም ያን ያህል ሰው ይዞ ያን ያህል የተጠረገ ግቢ ብዙ አላየሁም።

ግቢውና ከተማው

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ ላይ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። የዚህ ግቢ አባወራም የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በ1950ዎቹ ውስጥ 20 ሜትር በ24 ሜትር የሆነ ቦታ አግኝተው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠሩበት። ከኋላ ጥግ የሽንት ቤት ጉድጓድ አስቆፈሩ። ግቢው መሃል ላይ ደግሞ ወደ 14 ሜትር የሚወርድ የውሃ ጉድጓድ አወጡ። ሰባት ልጆች ወለዱ፤ ከነባለቤታቸው ዘጠኝ ነፍስ ማለት ነው። የቀረው ቦታ የሎሚ ዛፍና የዶሮ መዋያ ነበር።

ከተማው በዙሪያቸው አደገ። የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ በ1987ቱ ቆጠራ 251,864 ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ 341,834 ደረሰ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሲሶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ አራተኛው ቆጠራ የተራዘመው እኔ ወደዚህ ግቢ በገባሁበት በዚያው በመጋቢት 2011 ነው።

ውሃውን በተመለከተ ሦስት ነገሮችን ማስቀደም ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከተማዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ውሃው ምን ዓይነት ድንጋይ አልፎ እንደመጣ ይናገራል። ሁለተኛ፣ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው በሙቀቱ ይተናል ወይም በደቻቱ በኩል በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሎ አለፈ እንጂ ለመሬቱ የተወው ውሃ ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ የሐረር ከተማም ዐይኗን ወደዚህ ቆላ አዞረች፤ ዛሬ ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ እየተገፋ ተራራውን ይወጣል። አንዱ መሬት ሁለት ከተማ ያጠጣል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፍሳሹ የሚወርደው በየግቢው ወደተቆፈረ ጉድጓድ ነው። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ፣ በተለይ ከተማው ውስጥ በሳቢያን ሰፈር በኩል ያለው፣ ናይትሬት (ከሰው ቆሻሻ ወደ ውሃ የሚገባ ኬሚካል) እንደሚበዛበት የውሃ ባለሙያዎች ካወቁት ቆይቷል። እኔም አውቅ ነበር። ማወቄ ግን ወደፊት እንደምገልጸው ከስህተት አላዳነኝም።

ፍራሽ መቁጠር

በግቢው ስንት ሰው እንደሚኖር ስጠይቅ አራት ሰው አራት መልስ ሰጠኝ። የቤቱ እናት «ልጅ አይቆጠርም» ብለው ጭራሽ ከለከሉ። ተከራዮቹ ደግሞ ኪራይ ሊጨመር ነው ወይም ቀበሌ ሊጠይቀን ነው ብለው ሰጉ። አንዷ ተከራይ ከባሏ ጋር ሁለት ብቻ ነን አለችኝ፤ ከኋላዋ የሦስት ልጆች ጫማ ተደርድሮ ነበር።

መፍትሔውን ያመጣው የድሬ ሙቀት ነው። ግንቦት ላይ በቤት ውስጥ መተኛት ስለማይቻል ፍራሹ ሁሉ ማታ ማታ ደጅ ይወጣል። የቤቱ እናት ሰው መቁጠርን እንጂ ፍራሽ መቁጠርን አልከለከሉም። ከትልቋ ልጃቸው ጋር ሆነን አንድ ምሽት ፍራሹን፣ በእያንዳንዱ ፍራሽ ላይ የሚያድሩትንም እሷ በቃሏ እየነገረችኝ መዘገብን። አርባ ሦስት ሰው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኔ ከቁጥሩ የበለጠ ትምህርት ሰጠኝ። አርባ ሦስቱን በመጡበት መንገድ ስንከፍላቸው፣ እናትየዋን ጨምሮ ከቤቱ የተወለዱና በጋብቻ የገቡት ዐሥራ ሰባት ብቻ ሆኑ። ሰባቱ ደባል ናቸው፤ ከእነዚህ አራቱ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ቤታቸውን አጥተው ለጥቂት ሳምንት የተጠጉ ዘመዶች ናቸው፤ ሳምንቱ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆነ። ዐሥራ ዘጠኙ ደግሞ በሰርቪስ ቤቶቹ ውስጥ የሚኖሩ ተከራዮች ናቸው። ትልቋ ልጅ ይህን ስታይ ሳቀችና «ጋሼ፣ በሄድንበት ሁሉ አትውለዱ ይሉናል። እኛ ከሦስት በላይ አልወለድንም። ግቢው የሞላው በኪራይ ነው» አለች። ልክ ነበረች። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ስትወልድ በድሬዳዋ 3.1 ነበር። ኪራዩን ግን እንደ ጥፋት መቁጠር አይቻልም። አባትየው ሲሞቱ እናትየዋ የቀራቸው ገቢ እሱ ነው፤ ተከራዮቹም ከዚህ የተሻለ ርካሽ ቤት ከተማው አላቀረበላቸውም።

ችግሩ

በሽንት ቤቱና በውሃ ጉድጓዱ መካከል ያለው ርቀት ዘጠኝ ሜትር ነው። የተለመደው መመሪያ ቢያንስ 30 ሜትር ይላል። ሜትሬን ይዤ ከግቢው አንድ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ብለካ 31 ሜትር ሆነ። መመሪያውን ለማክበር የውሃ ጉድጓዱ አንድ ጥግ፣ ሽንት ቤቱ ተቃራኒው ጥግ መሆን ነበረበት፤ ያኔም ቢሆን የጎረቤት ሽንት ቤት ከአጥሩ ማዶ አራት ሜትር ላይ ነው። መመሪያ ጻፊዎች ይህን ግቢ አላዩትም።

ቧንቧ አላቸው፤ በአንድ ቆጣሪ። በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። በቀሩት ቀናት ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ለመጠጥም፣ ለልብስም፣ ለወጥም። ሕፃናቱ ተቅማጥ የሚለቃቸው ጊዜ አልነበረም።

አንድ ምሽት በወረቀት ያደረግሁትን ስሌት ላስፍር፤ ሻካራ ነው፣ ነገር ግን ነገሩን ያሳያል። አንድ ሰው በዓመት ጥቂት ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ከሰውነቱ ያስወግዳል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሽንት ነው። ሦስት ኪሎ እንበል። በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይህን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ደግሞ አፈር ላይ የማይጣበቅ፣ ውሃ በሄደበት የሚሄድ ነገር ነው። ጀርም በዘጠኝ ሜትር አፈር ውስጥ በከፊል ይጣራል ወይም ይሞታል፤ ናይትሬት ግን አይሞትም፣ አይጣራም። ከአርባ ሦስቱ ሰው የሚወጣው ናይትሮጅን አንድ ዐሥረኛው ብቻ ወደ ታች ቢደርስ በዓመት 57 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሬት ይሆናል። ይህን ያህል ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር ልክ በታች አድርጎ ለማቅጠን ከ1,100 ሜትር ኩብ በላይ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። በግቢው ላይ በዓመት የሚወርደው ዝናብ በሙሉ ግን 288 ሜትር ኩብ ነው፤ ግማሹ ግቢ ደግሞ ዛሬ ቆርቆሮና ሊሾ ስለሆነ ወደ መሬት የሚገባው ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። በዚሁ ስሌት ዘጠኙ የጥንት ነዋሪዎችም ከልኩ ያልፋሉ! ከዝናቡ አንድ ዐሥረኛው ብቻ ወደ መሬት ገባ ብንል፣ የእነሱ ብቻ የልኩን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ያን ጊዜ ውሃው የተጠጣው እንዴት ነው? ያቀጥነው የነበረው የግቢው ዝናብ አይደለም፤ ከደቡብ፣ ከተራራው ሥር፣ ገና ቤት ካልተሠራበት መሬት በታች እየመጣ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አባወራው ጉድጓዳቸውን ያወጡት በጎረቤት ባዶ ቦታ ተማምነው ነበር፤ ይህን ግን እሳቸውም አያውቁትም። ባዶው ቦታ ሲሞላ ጉድጓዱ ጠባቂውን አጣ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ስህተት ነበር፤ ስህተቱም የእኔ ነው። መጋቢት ላይ ስለ ሕፃናቱ ተቅማጥ ስሰማ የጉድጓዱን ውሃ አፍልተው ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ ጨምረው እንዲጠቀሙ መከርኩ። ለጀርም ትክክለኛ ምክር ነው፤ ተቅማጡም ቀነሰ። ግንቦት ላይ ፍራሽ ስንቆጥር ግን አንዲት ተከራይ ለሦስት ወር ሕፃኗ የዱቄት ወተት ስትበጠብጥ አየሁ። «የጉድጓዱ ውሃ ነው፤ እንደነገሩን በደንብ አፍልቼዋለሁ» አለችኝ ኮራ ብላ። ያን ጊዜ ላብ አሰመጠኝ፤ የድሬ ሙቀት ብቻ አልነበረም። ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም፤ ውሃው እየተነነ ስለሚሄድ እንዲያውም ያከማቸዋል። ክሎሪንም አይነካውም። ናይትሬት የበዛበት ውሃ ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ከስድስት ወር በታች ሆኖ በጡጦ የሚመገብን ሕፃን ነው፤ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም ዐቅሙ ይዳከማል፣ ቆዳው ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። ሕፃኑ ምንም አልሆነም ነበር፤ ጤና ጣቢያም ታይቶ ደህና ነው ተባለ። ዕድል ነው። ለሙያዬ ላስቆጥረው አልችልም።

በማግስቱ ቀለም በሚለውጥ የመመርመሪያ ወረቀት ለካሁ፤ ከዚያ ናሙናው ቤተ ሙከራ ሄደ። ከልኩ ሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በድስት ከፈላው ውሃ የተወሰደው ናሙና ደግሞ ከዚያም በለጠ። ያን ቀን የጉድጓዱ ክዳን ቀይ ተቀባ፦ ለማጠቢያ ብቻ።

ሁለተኛው እርምጃ የመጠጥ ውሃን ከቧንቧ ብቻ ማድረግ ነበር። በፈረቃ ስለሚመጣ ማጠራቀም ግድ ሆነ። እያንዳንዱ ክፍል በርሜሉን፣ ባልዲውንና ጀሪካኑን ደረደረ። ቀጥሎ የመጣውን ያኔ ድሬ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከሐምሌ 2011 ጀምሮ ቺኩንጉንያ ከተማዋን አጥለቀለቃት፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ክዳን የሌላቸውን በርሜሎች በባትሪ ሳይ እጩ ይርመሰመስባቸዋል። ከአርባ ሦስቱ ከሠላሳ በላይ የሚሆኑት መገጣጠሚያቸው ተይዞ ተኙ። የቤቱ እናት በሁለት እጃቸው ግድግዳ ይዘው እየተራመዱ «ልጄ፣ ከሽንት ቤት አውጥተህ ወደ ትንኝ አገባኸን» አሉኝ። ወረርሽኙ በከተማ ሙሉ ነበር፤ እኔ ብቻዬን አላመጣሁትም። በዚህ ግቢ ግን ያለ ክዳን ውሃ አጠራቅሙ ብዬ የወጣሁት እኔ ነኝ። መስከረም ላይ በርሜሎቹ ተወግደው በጋራ መዋጮ ባለ 2,000 ሊትር ክዳን ያለው ሮቶ ተገዛ።

ሮቶው ሌላ ጭቅጭቅ ይዞ መጣ። የውሃ ዋጋ በእርከን የሚጨምር ነው፤ ብዙ የሚጠቀም በሊትር ብዙ ይከፍላል። ሐሳቡ አባካኙን ለመቅጣት ነው። በአንድ ቆጣሪ አርባ ሦስት ሰው ሲጠቀም ግን ቆጣሪው የሚያየው አንድ አባካኝ ደንበኛ ነው። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከባለ ቪላው በጣም ያነሰ የሚጠቀሙት ሰዎች ከፍተኛውን እርከን ይከፍሉ ነበር። ሁለተኛ ቆጣሪ ለማስገባት የባለቤትነት ወረቀት፣ የወራሾች ስምምነት፣ የተከራይ ውል ተባለ። በመካከል ኮሮና መጣና ቢሮው ሁሉ ዘጋ ከፈተ ሆነ። ዘጠኝ ወር ፈጀ። በመጨረሻ ሁለተኛው ቆጣሪ ሲገባ የሁለቱ ሒሳብ ተደምሮ ከቀድሞው የአንዱ ሒሳብ አነሰ። ከሁሉም እርምጃ ወጪውን በቶሎ የመለሰው ይህ ወረቀት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ሽንት ቤቱ ነው። አሮጌው ጉድጓድ ተመጥጦ ተደፈነ። በምትኩ በመግቢያው በር አጠገብ፣ መኪና ሊደርስበት በሚችል ቦታ፣ በብሎኬትና በሲሚንቶ ዙሪያውና ሥሩ የተለሰነ 18 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንከር ተሠራ። የሰባት ወር እቁብ ነው የሠራው፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለታንከሩ እንዲወጣ ሁሉም ተስማማ። ተከራዮቹም ገቡበት፤ በምላሹ ለሁለት ዓመት ኪራይ እንዳይጨመር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተፈረመ። ይህ ፊርማ የትልቋ ልጅ ሐሳብ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ታንከሩ ሥራ በጀመረ በ28ኛው ቀን ሞላ።

የማያሰርግ ጉድጓድ ሁሉንም እንደሚይዝ ማን ያጣዋል? እኔ አጣሁት። አሮጌው ጉድጓድ አራት ወር የቆየው ውሃውን ወደ መሬት ስለሚያሰርገው ነበር፤ ጥፋቱ ራሱ አገልግሎቱ ነበር ማለት ይቻላል። ለመጸዳጃ የሚደፋው ውሃ በቀን ወደ 215 ሊትር፣ የገላ መታጠቢያው ደግሞ ወደ 430 ሊትር እንደሆነ በባልዲ ለካን። የገላ መታጠቢያውን ቧንቧ ነጥለን በአጥሩ ሥር ወደተተከሉ ሙዝና ፓፓያዎች ስናዞረው ታንከሩ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው መቆየት ጀመረ። ሙዙም አፈራ፤ የቤቱ እናት ለጎረቤት ሲልኩ «የጋሼ ሙዝ» ይሉታል፤ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልጠየቅሁም።

የሠራውና ያልሠራው

ታንከሩ ከተሠራ ከስድስት ወር በኋላ በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ የሰገራ ጀርም ምልክት አልተገኘም። የሕፃናቱ ተቅማጥም ቀንሶ ቆየ፤ ምን ያህሉ በቧንቧ ውሃ፣ ምን ያህሉ በኮሮና ጊዜ በመጣው እጅ የመታጠብ ልማድ እንደሆነ ለይቼ መናገር አልችልም።

ናይትሬቱ ግን አልወረደም። ከአንድ ዓመት በኋላ ለካን፤ ያው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለካን፤ የወረቀቱ ቀለም ያው ነው። አሮጌው ጉድጓድ ዙሪያ በአፈሩ ውስጥ የተከማቸው ገና እየታጠበ እንደሚወርድ እገምታለሁ። ዋናው ምክንያት ግን ከአጥር ማዶ ነው። ከግቢው ወደ ደቡብ ካሉት ጎረቤቶች አምስቱ ጉድጓዳቸውን እንድንለካ ፈቀዱ፤ የአምስቱም ከልክ በላይ ሆነ። ከእነሱ ደቡብም ሌሎች ግቢዎች አሉ። አንድ ግቢ ሽንት ቤቱን ቢለስን ከላይ የሚመጣለት ውሃ የሌሎችን ሽንት ቤት አልፎ የመጣ ነው።

ጉዳዩን ወደ ሰፈሩ እድር ይዘነው ቀረብን። ስብሰባው ከጠበቅሁት በላይ ሞቀ። አንድ አዛውንት «አባቶቻችን ጠጥተውት ሰማንያ ዓመት ኖረዋል» አሉ። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ሌላ ሽማግሌ «አባቶቻችን ሲጠጡት እዚህ ጅብ ነበር የሚያድረው፤ አሁን ተከራይ ነው» ብለው አሳቁ። ከዚያ የተሻለ ማስረዳት አልችልም ነበር። ውጤቱ ግን ግማሽ ነው። እድሩ የጉድጓድ ክዳኖችን ቀይ ለማስቀባትና ከስድስት ወር በታች ሕፃን ላለበት ቤት የቧንቧ ውሃ በቅድሚያ እንዲሰጥ ወሰነ፤ ይህም ይሠራበታል። ሁሉም ግቢ የተለሰነ ታንከር እንዲሠራ የቀረበው ሐሳብ ግን በገንዘብ ምክንያት ወደቀ። እድሩ ከአንድ ባለ መምጠጫ መኪና ጋር ያደረገው የጋራ ውልም ከሁለት ዙር በኋላ ፈረሰ፤ ባለ መኪናው ሌላ ቦታ የተሻለ ዋጋ አገኘ።

ግቢው ውስጥም አንድ ያልሠራ ነገር አለ። ከአርባ ሦስት ሰው በላይ ላለመጨመር ተስማምተው ነበር። በ2013 የልጅ ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል ተሠራ። ሙሽሮቹን ውጡ የሚል ማንም አልነበረም፣ እኔም አላልኩም።

ለሌላ ግቢ የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ሰፈር የሚወሰደው በመጀመሪያ የአቆጣጠሩ ነገር ነው። በመዝገብ የሚገኘው የባለ ይዞታው ቤተሰብ ነው፤ መሬቱ ግን የሚሸከመው እዚያ የሚያድረውን ሁሉ ነው። ማን ተወለደ፣ ማን ተጠጋ፣ ማን ተከራየ የሚለው ተለይቶ ካልተቆጠረ የምክሩ ዓይነት ይሳሳታል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ምክር ለዚህ ቤተሰብ ሴቶች ጠቅሟል፤ ለሽንት ቤቱ ግን ምንም አልሠራም፤ ለሽንት ቤቱ የሚሠራው በከተማው ርካሽ ቤት መገኘቱ ነበር።

ምርመራውን በተመለከተ ጀርምና ናይትሬት ሁለት ጉዳይ ናቸው። አንዱን ያየ ሌላውን አላየም። ከሽንት ቤት አጠገብ የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት ቦታ የማፍላት ምክር ከመሰጠቱ በፊት ናይትሬቱ ቢለካ ጥሩ ነው፤ የመመርመሪያ ወረቀቱ በደቂቃ ውስጥ ይመልሳል። ሕፃን ያለበት ቤት ሲሆን ደግሞ ግዴታ ነው እላለሁ።

ውሃ አጠራቅሙ የሚል ሰው ክዳኑንም አብሮ ይናገር። የተለሰነ ታንከር አሠሩ የሚል ሰው ከመቆፈሩ በፊት የገላ መታጠቢያውን ውሃ ይለካ፤ መኪናው በስንት ቀን እንደሚመጣና ማን እንደሚከፍልም አስቀድሞ ይጻፍ። የቆጣሪው ነገር ደግሞ ከምሕንድስናው እኩል መታየት አለበት። በእርከን የሚጨምር ታሪፍ በጋራ ቆጣሪ ላይ ሲያርፍ ድሃው ወደ ጉድጓዱ እንዲመለስ ይገፋዋል፤ በዚህ ግቢ ሁለት ጊዜ ሲገፋ አይቻለሁ፣ ክዳኑ ቀይ ከተቀባ በኋላ ሳይቀር።

ከሁሉም ከባዱ የ30 ሜትሩ ነገር ነው። ቦታው 480 ካሬ ሜትር በሆነ፣ ጎረቤቱም እንዲሁ በሆነ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ውሃ መቅዳትና መጸዳዳት አብረው አይሄዱም። አንዱ መውጣት አለበት። ቤተሰቡ ያወጣው መጠጡን ነው፤ የሚችለው እሱን ብቻ ነበርና። ሽንቱን ማውጣት የሰፈር፣ እንዲያውም የከተማ ሥራ ነው፤ ታች ያለው ውሃ ደግሞ የድሬዳዋ ብቻ እንዳልሆነ ሐረር ቧንቧ የሚከፍት ሁሉ ምስክር ነው።

ያለበት ሁኔታ

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት በግንቦት 2015 ነው። በፍራሾቹ ላይ የሚያድረው ሰው አርባ ስድስት ደርሷል። ታንከሩ ይሠራል። ሁለት ቆጣሪ አለ፤ ፈረቃው አልተለወጠም። በዱቄት ወተት ያስደነገጠኝ ሕፃን አራት ዓመቱ ሆኖ ቀዩን ክዳን እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ወረቀቱን ጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ነክሬ ሳወጣ የቤቱ እናት ከወንበራቸው ሳይነሱ «ተሻለው?» አሉኝ። እንዳልተሻለው ነገርኳቸው። «እንግዲያው ክዳኑ ደብዝዟል፤ ቀለም ይገዛ» ብለው ልጃቸውን ጠሩ።